አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ዕቃ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ መጽሐፍ ነበር። ተአምረ ማርያም በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ ልጅየው ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። የሚነበብ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ደብር የራሱ ቅጂ ያስፈልገዋል።

ቅጂ በቀላሉ አይገኝም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ብራናው በወስፌ ይሰመራል። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያውላል። መጽሐፉ በሁለት የእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ አይጥና እርጥበት እንዳያገኘው ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የተቀደደ ቅጠል ይሰፋል፤ ጨርሶ ያረጀው ከጎረቤት ደብር ከተዋሱት ቅጂ ተገልብጦ ይተካል።

እ.ኤ.አ. በ1531 የግራኝ አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። የገዳሙ መጻሕፍት ቢነዱም ተአምረ ማርያም አልጠፋም፤ ሌላ ዘንድ ነበረና።

ኋላ የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መናገሻ ሲያደርጉ፣ እነ ማርያም፣ ሚካኤልና መድኃኔዓለም እዚያው ተተከሉ። አዲስ ደብር ያለ ወንጌል፣ ያለ ዳዊትና ያለ ግብረ ሕማማት አያገለግልም። ስለዚህ ደብር በተተከለ ቁጥር መጽሐፍ ካለበት ወደሌለበት ይገለበጣል።

የዛሬዎቹ ትልልቅ የመረጃ ማከማቻዎችም የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው። ለምሳሌ ሃዱፕ የተባለው ሥርዓት፣ ሌላ ካልታዘዘ፣ እያንዳንዱን የፋይል ቁራጭ በ3 ቅጂ በተለያዩ ማሽኖች ያስቀምጣል። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ከቀሩት ላይ ገልብጦ ጉድለቱን ይሞላል፤ አዲስ ማሽን ሲጨመር ደግሞ ማመጣጠኛው ጭነቱን ከሞላው ወደ ባዶው ያሸጋግራል።

የብራናው ሥራ ከፊልም የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በሸዋና በሌሎች ክፍለ ሀገራት ያሉ መጻሕፍትን ማንሳት ጀመረ። ፊልሙ አንድም አዲስ አበባ፣ አንድም አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በዓመቱ አብዮቱ ቢፈነዳም ሥራው ቀጠለ፤ የተነሱት መጻሕፍት ከ9,000 በለጡ።

ኮሌጅቪል ተቀምጠው እነዚህን ፊልሞች ለዐሥርተ ዓመታት ያነበቡት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ወታደሮች በጥይት መትተዋቸው ሽባ ሆነው ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ሚኒሶታ ገቡ። ከዊልያም ማኮምበር ጋር ያዘጋጁት ካታሎግ ቅጽ 10 ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲቆም፣ 5,000 መጻሕፍትን ዘርዝሯል። ፊልሙ ኋላ በዲጂታል ተገልብጦ በኢንተርኔት ይነበብ ጀመር፤ በታተመው ካታሎግ ያልተካተቱት ከ4,000 በላይ መጻሕፍት ግን ገላጭ ሲጠብቁ ኖረዋል።