ጀጎል ውስጥ ቤትዎን ከማደስዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ



ረመዷን ሲቃረብ ወይም ሠርግ ሲደገስ ቤትን ማሳመር የቆየ ልማዳችን ነው። ግድግዳው ይለሰናል፣ በሩ ይቀየራል፣ ግቢው ሊሾ ይደረጋል። በሌላ ሰፈር ይህ የባለቤቱና የግንበኛው ጉዳይ ነው። በሐረር ጀጎል ግን ጉዳዩ ከዚያ ይሰፋል። በመምህርነት ዘመናችን ስለ ቅርስ ስናስተምር ተማሪዎች «ቤቱ የኔ ከሆነ ለምን ሌላ ሰው አስፈቅዳለሁ?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከነምክንያቱ ለማቅረብ እንሞክራለን።

የተመዘገበው ምንድን ነው?

በግንቡ የተከበበው የጀጎል ከተማ ስፋቱ 48 ሄክታር ነው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር አምስቱ ጥንታዊ መግቢያዎቹ ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጂዶችና ሐረሪዎች አዋች የሚሏቸው 102 የአውሊያ ስፍራዎች እንዳሉ ጠቅሷል። ከመስጂዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው።

ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገር አለ። የተመዘገበው መስጂዱና ግንቡ ብቻ ሳይሆን መላው ከተማ ነው። የነዋሪው ቤት፣ ጠባቡ መንገድ፣ የድንጋይ አጥሩና የግቢው አቀማመጥ የቅርሱ አካል ናቸው። ዩኔስኮ በቅርሱ መግለጫ ላይ በስጋትነት ያነሳቸው ነገሮችም ትልልቅ ፎቆች አይደሉም። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ቤቶች መለሰናቸው፣ የእንጨት በር በብረት መተካቱ፣ ባህላዊ ያልሆኑ የግንባታ ዕቃዎች መግባታቸውና በየጣራው የሚተከለው የቴሌቪዥን አንቴና ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ ሲለወጥ ከተማው ሳናውቀው ያልቃል ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤትነትን አይነጥቅም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የጥገናና የእድሳት ሥራም ከሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ለቤት ሠሪው የሚጠቅም ሌላም ነጥብ አለ፦ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የተወሰነውን ሊሸፍን ይችላል።

ሲሚንቶ ለምን ይጎዳል?

የጀጎል ቤት የሚሠራው ከአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ ሲሆን ከላይ ኖራ ይቀባል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል። በክረምት እርጥበት ቢገባው በበጋ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ኖራውም ይህን እርጥበት አያግደውም።

ሲሚንቶ ግን እንዲህ አይደለም። ግድግዳው በሲሚንቶ ሲለሰን ከመሬት የሚወጣውና በስንጥቅ የሚገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ውስጡ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ድንጋዩ መያዣ ያጣል፣ ግድግዳውም ያብጣል። ከውጭ ሲታይ ልስኑ ጠንካራ ስለሚመስል ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ለጥንካሬ ተብሎ የወጣ ገንዘብ ቤቱን ያደክመዋል። ስለዚህ ልስኑ ሲረግፍ መጠገን ያለበት በጭቃና በኖራ ነው።

ግቢ፣ ዛፍና ውሃ

ስለ ግቢ ብዙ ጊዜ አይወራም፤ ነገር ግን የቤቱ ዕድሜ የሚወሰነው በአብዛኛው እዚያ ነው።

መላው ግቢ በኮንክሪት ሲሞላ ዝናቡ የሚሰርግበት አፈር ያጣል። ስለዚህ ወደ ግድግዳው ሥር ወይም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ክፍተት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ይሻላል። ንጣፉ ሲሠራም ተዳፋቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ መሆን አለበት።

ሥሩ የሚሰፋ ዛፍ ከግድግዳና ከአጥር ርቆ ይተከል። ቦታው ከጠበበ በማሰሮ የሚተከል አበባ ወይም ቅመም ይበቃል። በግድግዳው ሥር አፈር ከምሮ መደብ መሥራትና በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ግን ግድግዳውን ከሥር ማርጠብ ነው። በድንጋይ መሃል የበቀለ ቡቃያ ካለም በለጋነቱ ይቆረጥ። ሥሩ ከጠነከረ በኋላ ሲነቀል ድንጋዩን ይዞ ይወጣል።

ሮቶና ዲሽ የዘመኑ ፍላጎት ናቸው፤ ማንም አይከለክልም ብለን እናስባለን። ሆኖም ከመንገድ በማይታይ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ውሃ የሞላ ሮቶም ከባድ ነው፤ ጣራው መሸከሙን ባለሙያ ሳያይ አይሰቀል።

የጎረቤት ሐቅ

ይህ ለሙስሊም አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የፊቅህ ኪታቦች ስለ ጣራ ውሃ፣ ወደ መንገድ ስለሚወጣ ግንባታና የጎረቤትን ጓዳ ስለሚያሳይ መስኮት በዝርዝር ይነጋገራሉ። መነሻቸው ሰው በንብረቱ የመጠቀም መብት እንዳለው፣ ሌላውን ግን መጉዳት እንደማይፈቀድለት ነው። ጀጎል ውስጥ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ። የአንዱ ግድግዳ ሲያብጥ የሌላው ይሰነጠቃል፤ የአንዱ ፎቅ ሲነሳ የሌላው ግቢ ይጋለጣል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅን የጎረቤት ሐቅ አካል አድርጎ ማየት ይቻላል።

ሸክሙ የማን ነው?

የነዋሪውን ችግር መሸፋፈን አንፈልግም። ቤተሰብ ይሰፋል፣ ክፍል ይጠብባል። የላሜራ በር በቀላሉ ይገኛል፤ ጥሩ የእንጨት በር ግን ዋጋም ባለሙያም ይፈልጋል። ከቅርሱ ስም ከተማው በሙሉ ሲጠቀም ጥገናውን ብቻውን የሚከፍለው ባለቤቱ ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም። ፈቃዱ በቶሎ እንዲሰጥ፣ የባለሙያ ምክርና የገንዘብ ድጋፍም እንዲኖር መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው።

ዝም ብሎ መቀየር ግን የት እንደሚያደርስ ከቀይ ባሕር ማዶ ማየት ይቻላል። የመን ውስጥ ያለችው የዒልም ከተማ ዘቢድ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። በ2000 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ከቤቶቿ 40 በመቶ ያህሉ በኮንክሪት ቤቶች ተተክተው ነበር። ያን ያደረገው የውጭ ጠላት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ ቤት መልካም የመሰለውን ሲሠራ የመጣ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት

1. ቤቱን፣ በሩንና ግቢውን አሁን ባለበት ሁኔታ ፎቶ ያንሱ።
2. ምን እንደሚቀይሩ በጽሑፍ ያዘጋጁ፤ ቀለም፣ በርና ንጣፍ ሳይቀር።
3. ግንበኛ ከመዋዋልዎ በፊት ለከተማው የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ።
4. ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶችን ያማክሩ።
5. በጭቃና በኖራ መሥራት የሚያውቅ ግንበኛ ይምረጡ።
6. አሮጌውን በርና የተቀረጸ እንጨት አይሽጡ፤ አብዛኛው ሊጠገን ይችላል።
7. ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር ከተገኘ ሥራውን አቁመው ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ።

ለተማሪዎቻችን የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፦ ቤቱ ያንተ ነው፤ ከተማው ግን ካለፉት የተረከብነውና ለልጆቻችን የምናስረክበው አማና ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።