የጠገራዋ ሴትዮ የነገሠችበት ከተማ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። አክስቴ ልትጠይቀኝ ከድሬዳዋ ቪየና መጥታ ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። አክስቱን አንቺ ይላል ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። አንቱ ብላት “ምን በድዬህ ነው?” ብላ ትቀየመኛለች።

አክስቴ የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሜዳ ላይ ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር፤ እሷ ስታወራው ግን ሐዲዱን ያነጠፉት አባቷ ብቻቸውን ይመስላሉ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ።) አንገቷ ላይ ከእናቷ የወረሰችው ጠገራ ብር ተንጠልጥሏል። ጠገራው ላይ ያለችውን ደረተ ሰፊ ሴትዮ ታውቋታላችሁ፤ ማሪያ ትሬዛ ናት። በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን በገበያው ስለታመነ ያው 1780 እንደተጻፈበት ሲመታ ኖረ፣ ቪየና ውስጥ ዛሬም ይመታል። “አያቴ ጠገራ ስትቀበል ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በጥፍሯ እየነካች ዕንቁውን ትቆጥር ነበር” ትላለች አክስቴ፤ “ዘጠኝ ካልሞላ ወዲያ በል!”

ወስጄ ቪየና መሐል ያለውን ሐውልቷን አሳየኋት። ሴትዮዋ ዙፋኗ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ጄኔራሎቿ በፈረስ ከብበዋታል። አክስቴ ጠገራዋን ከደረቷ አውጥታ ቀና እያለች አስተያየቻቸው።

“ናት” አለች። “የነገሠችው እዚህ ነው?”

“መጀመሪያ ዘውድ የጫነችው ብራቲስላቫ ነው። ሌላ አገር ነው፤ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው።”

“ሌላ አገር! በአንድ ሰዓት! አቦ፣ ታዲያ እዚህ ምን ገትሮናል?”

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ተነሳንላችሁ። ደርሶ መልስ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ይኸው ትኬት ብራቲስላቫ ውስጥ ለትራምና ለአውቶብስም ይሠራል። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። አክስቴ ፓስፖርቷን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ መስኮት ዳር ተቀመጠችና “ጉምሩኩ ጋ ስንደርስ ንገረኝ” አለች።

ለአክስቴ ድንበር የሚሻገር ባቡር ማለት የጅቡቲው ነው፤ ድንበር ማለት ደግሞ ደወሌ። ባቡሩ ደወሌ ሲቆም ሴቶቹ በዚያ ሐሩር ስድስት ቀሚስ ደራርበው፣ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ “ነፍሰ ጡር ነኝ” ሲሉ፣ ፈታሹም ሰምቶ እንዳልሰማ እየሆነ ፉርጎ ለፉርጎ ሲመላለስ፣ ይህን ሁሉ በእጇ እያሳየች ትተርክልኛለች። ከመስኮቱ ውጭ ጠፍጣፋ የእርሻ ሜዳ ያልፋል። ፈታሹ አንዷን “ስንተኛ ወርሽ ነው?” ብሎ ሲጠይቃት፣ መልስ ከመስጠቷ በፊት የጠመጠመችው ጨርቅ ጫፉ ወጥቶ በፉርጎው ወለል ላይ ተተርትሮ ሲዘረጋ፣ እኔም ስስቅ፣ ባቡራችን አንድ ወንዝ ተሻገረ።

ወንዙ ሞራቫ ነው። ድንበሩ እሱ ነበር።

ስልኬ ጢን አለ፤ እንኳን ወደ ስሎቫኪያ በደህና መጡ የሚል መልእክት። ጉምሩኩ እንግዲህ ይኸው ነው።

እስከ 1989 ድረስ ግን የዚህ ወንዝ ዳር በሽቦ ታጥሮ በጠመንጃ ይጠበቅ ነበር፤ ወደ ኦስትሪያ ሊሻገሩ ሲሉ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ስሎቫኪያ በ1993 ከቼክ ተለይታ ራሷን ቻለች፤ በ2007 መጨረሻ ሼንገን ገባችና የድንበር ፍተሻው ቀረ። አልፎ አልፎ ይመለሳልና ፓስፖርት ሳይዙ መሄድ ሞኝነት ነው።

ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ደንብ ልብስ ለብሷልና አክስቴ መሐረቧን ፈትታ ፓስፖርቷን ዘረጋችለት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ መለሰላትና ትኬታችን ላይ ማኅተሙን ጠቅ አድርጎ አለፈ።

“ሻንጣውንስ አያይም?” አለችኝ፤ ቅር ብሏታል።

ከጣቢያው በትራም ወደ አሮጌው ከተማ ወረድን። አስፋልት አይደለም፣ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ መሐል ትንንሽ የነሐስ ዘውዶች ተቀብረዋል። የዘውድ በዓሉ ሰልፍ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳዩ ናቸው። አክስቴ በከዘራዋ ጫፍ እየነካች አንዱን ከአንዱ ስታስከትል ቅዱስ ማርቲን ካቴድራል ደረስን። ከማማው ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠ ዘውድ ተደፍቷል፤ 300 ኪሎ ይመዝናል ይላሉ።

የሃንጋሪ ነገሥታት ዘውዳቸውን እዚህ ለምን ጫኑ ብትሉ፣ ቱርኮች በ1541 ዋና ከተማቸውን ቡዳን ስለያዙባቸው ነው። ከ1563 እስከ 1830 ድረስ የሃንጋሪ ንጉሥ በአብዛኛው የሚነግሠው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋም ያኔ ብራቲስላቫ አትባልም፤ ጀርመኖቹ ፕሬስቡርግ ይሏት ነበር። ማሪያ ትሬዛ የመጣችው በሰኔ 1741 ነው፤ ዕድሜዋ 24። እኛ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት ብለናል፤ ሃንጋሪዎቹ ግን ትሬዛን ንግሥት ሳይሆን ንጉሥ ብለው ነው ያነገሡት። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታ በፈረስ ወደ ዳኑብ ዳር ሄደች፤ ከመላው ግዛት በመጣ አፈር ወደተከመረው ጉብታ ጋልባ ወጥታ ሰይፏን ወደ አራቱም ማዕዘን ሰበቀች። ያን ጊዜ ልጇን ዮሴፍን ከወለደች ገና ሦስት ወሯ ነበር።

“አራስ!” አክስቴ ቆመች። “ገንፎዋን ሳትጨርስ ፈረስ ላይ! ታዲያ እዚህ ብሩ ላይ ለምን አሮጊት ሆነች? ለምንስ ተሸፋፈነች?”

ባሏ በ1765 እንደሞተና ብሩ ላይ ያለው መሸፈኛ የመበለትነት እንደሆነ ነገርኳት። አክስቴ ራሷ ባሏን ከቀበረች ሰባተኛ ዓመቷ ነው። ጠገራዋን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችና “ለካ ነጠላዋ የሐዘን ኖሯል” ብላ ወደ ደረቷ መለሰቻት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ጉብታው ዛሬ የለም። በቦታው በ1897 ሴትዮዋን በፈረስ ላይ የሚያሳይ የእብነ በረድ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ አዲሲቷ ቼኮዝሎቫኪያ ስትመጣ በ1921 ሰባበሩት። ሐውልት ማፍረስ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። ከካቴድራሉ ሥር ደግሞ አውራ ጎዳና ያልፋል፤ በ1972 ለተከፈተው ድልድይ ሲባል የአይሁድ ምኩራብና አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ነው የተሠራው። ድልድዩ ምሰሶው ላይ ሳህን የመሰለ ምግብ ቤት ተሸክሟል። ሰዉ ፎቶ ይነሳበታል፤ እኔ አልወደድኩትም።

ምሳ ላይ ተቸገርን። የአገሩ ምግብ የድንች ሊጥ ድብልብል ነው፤ በበግ ወተት አይብ ተለውሶ የአሳማ ስብ ይበተንበታል፤ ቀኑ ዓርብ። አክስቴ ሳህኑን በዓይኗ ገላመጠችና ዳኑብ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቆሎ ቆረጠምን። ስንመለስ ከመንገድ ጉድጓድ አንገቱን ብቅ አድርጎ የሚያይ የነሐስ ሰውዬ አገኘን፤ ከ1997 ጀምሮ እዚያው ነው። “ይሄ የፍሳሽ ሠራተኛ ምሳ አይወጣም?” አለች። ኮረብታው ላይ ያለውን ነጭ ግንብ ከታች ሆነን አየነው፤ አራት ማማ ስላለው የተገለበጠ ጠረጴዛ ይሉታል። ጉልበቷ አቀበቱን እምቢ አለ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያው የሚሄድ አውቶብስ ብዬ ተሳፈርን፤ አውቶብሱ ያንን የጠላሁትን ድልድይ ይዞ ዳኑብን አሻገረን! ማዶው ፔትርዣልካ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ እንደ ክብሪት ሳጥን የተደረደረ። ለካ ከቪየና የሚመጣው ሐዲድ ሁለት ነው፤ አንደኛው በሞራቫ በኩል ዋናው ጣቢያ፣ ሁለተኛው በደቡብ በኩል ፔትርዣልካ ይገባል። ትኬታችን በሁለቱም ይሠራል። ፊቴን ሳልቀይር “በሌላ መንገድ ልመልስሽ ብዬ ነው” አልኳት። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ዝም ብላ አየችኝ።

ማታ ቤት ስንገባ ፓስፖርቷን ገልጣ ገልጣ አየችው። ምንም የለበትም።

“ድሬ ስመለስ ማን ያምነኛል?”

ትኬቱን ሰጠኋት፤ የሁለቱ ከተሞች ስምና የተቆጣጣሪው ማኅተም አለበት። ዛሬ ከዚራ ብትሄዱ ከአባቷ ፎቶግራፍ ጎን በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ታገኙታላችሁ።