እቴጌይቱን ማን አጽናናቸው?

ባሏ ለሞተባት ጎረቤት ለቅሶ መድረስ ለኛ የቆየ ልማድ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሴቶቹም እንጀራውንና ወጡን ይዘው ይመጣሉ። ስለለመድነው ግን ክብደቱ አይታየንም። ስለዚህ ዘንድሮ ይህ ሁሉ የቀረባቸውን የአንዲት ታላቅ እመቤት ታሪክ ልናነሣ ወደድን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ካገቧቸው 30 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከ1902 ዓ.ም. ወዲህ ከመንግሥቱ ሥራ ተገልለው ስለነበር የቀራቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ ነበር። ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ አገር ይታወካል ተብሎ ሞታቸው ተደበቀ። የመንደር ሰው ሲሞት እንኳ ደረት በሚመታበት አገር፣ ለምኒልክ መርዶ አልተነገረም፣ በአደባባይ ሙሾ አልወጣም። እቴጌይቱም ከቤተ መንግሥት ወጥተው እንጦጦ ማርያም ተቀመጡ። ስም ያወጡላት አዲስ አበባ ከእግራቸው ሥር ተዘርግታ ሳለ፣ ሕዝቡ ወጥቶ «እግዜር ያጽናዎት» ሊላቸው አልቻለም። ለቅሶው በይፋ የሆነው ልጅ ኢያሱ ከወረዱና ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። እቴጌይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ አጽማቸው ከባላቸው ጋር በበዓታ ለማርያም ይገኛል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ሰው እንጂ ሀብትና ማዕረግ አለመሆኑን ነው። በከተማችን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዕድር እየተስፋፋ የሄደውም፣ ከየአገሩ የመጣው ሰው ዘመዱ ሩቅ ስለሆነበት ጎረቤቱን ዘመድ ለማድረግ ነው። በዚህ በኩል የሠፈራችን ድኻ ባልቴት ከእቴጌይቱ ትበልጣለች፤ በግልጽ ታለቅሳለች፣ አብሯት የሚያለቅስም አላት።

ነገር ግን የኛም ማጽናናት ጉድለት አለው። ሐዘንተኛዋን «እንዴት ሞተ? ምን ነካው?» እያልን ቁስሏን ባንነካካ መልካም ነው። «ገና ልጅ ነሽ፣ ታገቢያለሽ» ማለትም ነውር ነው። «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ከባዱ ሐዘን የሚመጣው ደግሞ ከሠልስት በኋላ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ ወደ ዕድር ቤት ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ቡና አፍልተን እንጥራት፣ ልጆቿን እንይላት። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብና በፋይል መካከል ስላሳለፍን የምናውቀው ነገርም አለ። ሟቹ ጡረተኛ ከነበረ ከአበሉ 50 በመቶው ለሚስቱ ይገባል፤ ሆኖም የጋብቻና የሞት ማስረጃ ይጠየቃል። በሐዘን ላይ ያለች ሴት ከቢሮ ቢሮ ብቻዋን ከምትንከራተት፣ ከመካከላችን ጽሕፈት የሚያውቅ አንድ ሰው አብሯት ቢሄድ ይህም ለቅሶ መድረስ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።