ፓርቲውን ሳይለቅ የሚፈርድ ፖለቲከኛ፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የወላይታ የክልልነት ጥያቄ

ኧርል ዋረን እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሾም ቀደም ሲል በዳኝነት ሠርቶ አያውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ ተመርጦ ካሊፎርኒያን ያስተዳደረ ፖለቲከኛ ነው። በዓመቱ ግን በትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን የሚለያየውን ሥርዓት ሕገ ወጥ ያለውን ውሳኔ ስምንቱን ባልደረቦቹን በአንድ ድምፅ አስማምቶ አሳለፈ፤ ምክንያቱንም ራሱ ጻፈ። ዋረን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አገረ ገዥነቱን ትቶ ነበር።

የእኛም ሕግ ለመደበኛ ዳኛ ይህንኑ ይጠይቃል። ዳኝነትን ከፖለቲካ ድርጅት አባልነት ወይም ከአስፈጻሚና ከሕግ አውጪ ሥራ ጋር ደርቦ መያዝን ከልክሏል። ትናንት ፖለቲከኛ ለነበረ ሰው በሩ ክፍት ነው፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ዙሪያ ይሽከረከራል። እኔ ግን ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ከፍርድ ቤት ውጭ ነው ባይ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 የትርጉም ሥልጣኑንም የብሔሮችን የራስ ዕድል ጥያቄ የመወሰን ሥልጣኑንም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ባለሙያዎች ቢኖሩትም የውሳኔ ሐሳብ ከማቅረብ አያልፍም። በመሆኑም የክልል ፖለቲከኛ ፓርቲውን ሳይለቅ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወላይታ በቅርቡ አይቶታል። የዞኑ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ወላይታ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወሰነ። በአንቀጽ 47 መሠረት ዞኑ ያኔ የነበረበት ክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት ነበረበት፤ ዓመቱ አለፈ፣ ሕዝበ ውሳኔው ግን አልተካሄደም። ነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፤ በተከተለው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። ነሐሴ 2014 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድ ክልል ስለመደራጀት ድምፅ እንዲሰጡ ወሰነ፤ ወላይታም ከዞኖቹ አንዱ ሆነ። ጥር 29 ቀን 2015 የወላይታ ሶዶ መራጭ በተቀበለው ወረቀት ላይ ነጭ እርግብና ጎጆ ነበሩ፦ እርግቧ አዲሱን የጋራ ክልል ለሚደግፍ፣ ጎጆዋ ለማይደግፍ። ወላይታ ብቻውን ክልል ይሁን ለሚል ሰው ምልክት አልነበረውም። የቀረበው አቤቱታ አንድ፣ የተወሰነው ጉዳይ ሌላ ሆነ።

የወላይታ ድምፅ በተገኙ የሕግ ጥሰቶች ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና የተሰጠው በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ነው። ቦርዱን የሚመሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ ከፌዴራል ዳኝነት ወደ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪነት፣ ከዚያም በ2011 ወደ ቦርዱ የመጡ ሰው። ፖለቲካውን ትተው መግባታቸው ለቦርዱ የሰጠው ክብደት ቀላል አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል ግን እንዲህ ያለ መሻገሪያ የለበትም።

ምክር ቤቱን ማፍረስ መፍትሔ አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ወንበር የሚያገኝበት ሌላ ቤት የለንም። ነገር ግን የሚፈርድ አካል የፈራጅ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ጥያቄ የቀረበበት ክልል አመራር የሆነ አባል ከውሳኔው ይነሣ። ወላይታ ከሌሎቹ ጋር ለምን እንደተጣመረ፣ የአንድ ዓመቱ ገደብ ሲጣስ ውጤቱ ምን እንደሆነ በአንቀጽ እየተጠቀሰ ይጻፍ። ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ቢሮ የሚገኝባት የሶዶ ነዋሪም ያን ጽሑፍ በእጁ ይዞ የመከራከር መብት አለው።