ከኦሞ ወንዝ ዳር አጥንት የሰበሰቡ ባለጸጋ

አንባቢ ሆይ፥ ሀብት ለሰው የሚሰጠው ምቾትን ብቻ አይደለም፤ ለብዙዎች የማይጠቅም የሚመስለውን ነገር የመፈለግ ነጻነትንም ይሰጠዋል። አንዱ ባለጸጋ ገንዘቡን በመሬትና በቤት ላይ ሲያውል፥ ሌላው የተሰበረ ሐውልትና የጥንት ሸክላ ፍለጋ ባሕር ይሻገርበታል። በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባላባቶች የሮማንና የግሪክን ጥንታዊ ዕቃ መሰብሰብን እንደ ታላቅ ክብር ይቈጥሩት ነበር። ከነዚህም አንዱ ቻርልስ ታውንሊ የተባሉት ባለርስት ከኢጣልያ ያመጧቸውን የእብነ በረድ ምስሎች በለንደን ቤታቸው ደርድረው ለእንግዳ ያሳዩ ነበር። በ1805 ሲሞቱም የብሪታንያ ሙዚየም ምስሎቹን በ20,000 ፓውንድ ገዛቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ባለጸጋ እስከ ኦሞ ሸለቆ ድረስ መጥቶ እንደ ነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኚህ ሰው ቪኮንት ሮቤር ዱ ቡር ደ ቦዛስ የተባሉ ፈረንሳዊ ባላባት ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1901፥ በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። አሳባቸውም አፍሪካን ከቀይ ባሕር እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ አቋርጦ ማለፍና በመንገድ ያገኙትን ሁሉ መመዝገብና መሰብሰብ ነበር። ከሐረርና ከአዲስ አበባ በኋላ ወደ ደቡብ ወርደው በ1902 ከታችኛው ኦሞ ደረሱ። ኋላ በጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ስማቸው የገነነው ሐኪም ኤሚል ብሩምፕትም አብረዋቸው ነበሩ። ወንዙ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፥ ዛሬ ቱርካና ወደምንለው፥ ከሚገባበት በላይ ባለው ምድር የጥንት አራዊት አጥንት ድንጋይ ሆኖ ተበትኖ አገኙ። ከዚያም ሰብስበው ጫኑ።

ቪኮንቱ ግን የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። በታኅሣሥ 1902 በኮንጎ ምድር፥ በኡዌሌ ወንዝ አጠገብ፥ አማዲ በተባለ ስፍራ ገና በወጣትነታቸው ሞቱ። ጓደኞቻቸው በ1903 ጉዞውን ፈጸሙ፤ አጥንቶቹም ፓሪስ ገቡ። የመንገድ ማስታወሻቸው በ1906 ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ አንባቢ፥ ይህ ስብስብ ምን ጠቀመ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ዋና ጥቅሙ አቅጣጫ ማሳየቱ ነው። አጥንቶቹን ያዩ ሊቃውንት ወደ ኦሞ መመልከት ጀመሩ። በ1932 እና በ1933 ፕሮፌሰር ካሚል አራምቡር ወደ ስፍራው ወርደው አጠኑ። እኚሁ ሊቅ በ1967፥ በ82 ዓመታቸው፥ ከፈረንሳይ፥ ከአሜሪካና ከኬንያ ከተውጣጡ ተመራማሪዎች ጋር እንደ ገና ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ ግን ሥራው ተለውጦ ነበር። በቪኮንቱ ዘመን ሳይንስ የእሳተ ገሞራን አመድ መርምሮ ዕድሜውን የሚቈጥርበት ዘዴ አልነበረውም። ከኦሞ በስተ ምዕራብ ሹንጉራ በተባለው ስፍራ ወንዙ ያመጣው ደለልና ከእሳተ ገሞራ የወረደው አመድ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይገኛሉ። ዕድሜያቸውም ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ጀምሮ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን አጥንት ከየትኛው ድርብርብ እንደ ወጣ ጻፉ።

የዚህን ጥቅም አንድ ምሳሌ ያስረዳናል። በ1972 ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፥ በኬንያ፥ አንድ ዝነኛ የራስ ቅል ተገኘ። ከበላዩ ያለው አመድ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው ተብሎ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ስፍራ የወጡት የአሳማ ጥርሶች በኦሞ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው ድርብርብ ከወጡት ጋር ተመሳሰሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ አመዱ እንደ ገና ተመርምሮ ዕድሜው 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ታወቀ። የወጣበት ድርብርብ ያልተጻፈለት ጥርስ ይህን ክርክር ሊፈርድ ባልቻለ ነበር።

ኪቢሽ በተባለው ስፍራ በ1967 የተገኘው የሰው አጥንትም እንዲሁ ነው። ቦታው በደንብ ስለ ታወቀ ከ30 ዓመት በላይ ቈይተው የተመለሱ ተመራማሪዎች ከቀድሞው አጥንት ጋር የሚገጥም ስባሪ አገኙ። ዕድሜው በ2005 195,000 ዓመት ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ከ230,000 ዓመት እንደማያንስ ተነገረ።

ይህ ነገር ለአጥንት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከኦሞ በስተ ምሥራቅ ዳርቻ በዱስ መንደር የሚኖሩት ካራዎች፥ የወንዙ ሙላት ሲጎድል በእርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩ ሕዝብ ናቸው። ወንዶቻቸው ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ በርጩማ ይይዛሉ፤ ቀን ይቀመጡባታል፥ ሲተኙም ራሳቸውን ያሳርፉባታል። ይህች በርጩማ በሩቅ አገር ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ብትቀመጥ፥ የማን እንደ ነበረችና ስለ ምን እንደምትያዝ ካልተጻፈ፥ የተጠረበ እንጨት ብቻ ትሆናለች። በጂንካ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየም ጥቅሙ የሚታየውም በዚህ ነው፤ ዕቃውን ከባለቤቶቹ አገር ሳያርቅ ያሳያልና።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለህ ሰው ነህ። መንገድ ሲቈረጥ፥ ጉድጓድ ሲቈፈር፥ ትምህርት ቤት ሲሠራ የጥንት ነገር ከአፈር ብቅ ሊል ይችላል። በ2000 የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 እንዲህ ያለውን ያገኘ ሰው ሁሉ ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከበው ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። ስለዚህ አንሥተህ የጠረጴዛህ ጌጥ አታድርገው፤ ለወዳጅህም በስጦታ አትላከው። ስፍራውን ጻፍ፥ አስጠብቅ፥ አስታውቅ።

ቪኮንቱን መውቀስም ማምለክም አይገባንም። ሌላው በጨዋታ የሚያጠፋውን ሀብት ለዕውቀት አዋሉት፤ በመንገዱም ላይ ሕይወታቸውን ሰጡ። ነገር ግን መሰብሰብ የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። የቀረው እኩሌታ፥ ይኸውም ዕቃውን ከምድሩና ከታሪኩ ሳይለዩ መጠበቅ፥ ባለጸጋ መሆንን አይጠይቅም፤ ጥንቃቄንና ታማኝነትን ብቻ ይጠይቃል። ይህም ከእያንዳንዳችን እጅ የሚወጣ ነው።