ወባ የቆላ በሽታ ብቻ ነውን? የአቃቂው ጥናትና በደም የሚወረሰው ልዩነት

ወባ በብዙዎች ዘንድ የቆላ በሽታ ተደርጎ ይታሰባል። በደጋና በወይና ደጋ የሚኖር ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲሰማው፣ ወደ ቆላ ወርዶ ካልነበረ በቀር ወባን ብዙም አይጠረጥርም። ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በአቃቂ ከተማና በአካባቢው የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ በሽታው ከሌላ ቦታ ተይዞ የሚመጣ ብቻ ሳይሆን እዚያው የሚተላለፍም መሆኑን አሳይቷል።

ከፍታ ሙሉ ጋሻ አለመሆኑን ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የኢትዮጵያ አካባቢዎች አዳርሶ ነበር። በወቅቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል። ከተለመደው የተለየው ዝናብና ሙቀት ትንኟን ሲያበዛ፣ በሽታውን ለምዶ የማያውቀው የደጋ ሕዝብ ክፉኛ ተጎዳ።

ሁለቱ የወባ ዓይነቶች

በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ፋልሲፓረም በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሙቀት ሲፈልግ፣ ቫይቫክስ 16 ዲግሪ አካባቢም ይበቃዋል። ስለዚህም ቫይቫክስ ቀዝቀዝ ያለውን አየር ከፋልሲፓረም የተሻለ ይቋቋማል።

ቫይቫክስ ሌላም ጠባይ አለው። ትንኟ ስትናከስ ወደ ሰውነት የገባው ተሕዋስ በመጀመሪያ የሚያመራው ወደ ጉበት ነው። ከፊሉ እዚያ ተራብቶ ወደ ደም ይወጣል፤ ከፊሉ ግን በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተኝቶ ይቆያል። በደም ውስጥ ያለው በመድኃኒት ጠፍቶ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ፣ ያለ አዲስ የትንኝ ንክሻ በሽታው ሊያገረሽ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘረ መል የሚያመጣው ልዩነት

ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ለመግባት በዋናነት የሚጠቀመው በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚገኘውን ዳፊ የተባለ ፕሮቲን ነው። ዳፊን በር ብንለው፣ አንዳንድ ሰዎች በዘረ መላቸው ላይ በደረሰ ትንሽ ለውጥ ምክንያት በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ይህ በር የላቸውም። ለውጡ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ሰውየው ዳፊ አልባ ይሆናል። አብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝብ እንዲህ በመሆኑ ቫይቫክስ በዚያ እምብዛም አይታይም። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ተቀላቅለው ይኖራሉ።

ለረጅም ዘመን ዳፊ አልባ ሰው በቫይቫክስ አይያዝም ይባል ነበር። በማዳጋስካር፣ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ተሕዋሱን በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥም አግኝተውታል። ውርስ የመያዝን ዕድል ይቀንሳል እንጂ ፍጹም መከላከያ አይሆንም።

ውርስ በሕክምናም ላይ ይታያል። ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን ቫይቫክስ ሲያጠፋ፣ በጉበት የተኛውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይታዘዛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት የሚወሰድ ነው። ነገር ግን ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከጉዳት የሚጠብቀው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። በእነርሱ ላይ ፕሪማኩዊን የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል። ጉድለቱ የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞዞም በኩል በመሆኑና ወንዶች አንድ ኤክስ ብቻ ስላላቸው፣ ይበልጥ የሚታየው በወንዶች ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲኖር፣ ነዋሪው ደጋ ነኝ ብሎ ሳይዘናጋ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የደም ምርመራ ያድርግ።

• ሻል ቢልም የታዘዘው መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይወሰድ፤ በሌላ ሰው የተጀመረ መድኃኒት አይወሰድ።

• ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ሁኔታዋን አስቀድማ ለባለሙያ ትንገር፤ ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

• ፕሪማኩዊን በመውሰድ ላይ ሳሉ ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ከባድ ድካም ከተሰማ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ይገባል።

• በእርሻ ዳር፣ አፈርና ድንጋይ በወጣባቸው ጉድጓዶችና በከብት ኮቴ ዱካ የሚያቁር ውኃ ይፋሰስ ወይም ይደፈን።

የከተማ ነዋሪዎችም የውኃ በርሜልና ታንከራቸውን መክደን ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ፣ ሰዎች ባጠራቀሙት ውኃ ውስጥ ስለምትራባ ለከተሞች አዲስ ስጋት ሆናለች። ወባን ከደጃፍ ለማራቅ ከከፍታውም ሆነ ከውርሱ ይልቅ የሚታመነው በጊዜ መመርመር፣ ሕክምናን መጨረስና ያቆረ ውኃን ማስወገድ ነው።