በሽቦ ዙሪያ የሚሽከረከረው ኃይል

ኤሌክትሪክና ማግኔት ለብዙ ዘመን የተጠኑት ለየብቻቸው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት መሆኗን ቢያስረዳም፣ ሁለቱን ኃይሎች የተለያዩ አድርጎ መድቧቸዋል። ዝምድናቸውን ለመመርመር ሳያቋርጥ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የተገኘው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 ባትሪን ይፋ ካደረገ በኋላ ነው።

ዝምድናውን ያረጋገጠው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ ነው። በኤፕሪል 1820 በማስተማር ላይ ሳለ ጅረት በሽቦ ሲለቅ፣ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ከቦታው ፈቀቅ አለ። ግኝቱ ብዙ ጊዜ እንደ አጋጣሚ ይነገራል፤ ኧርስትድ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና ሊኖር እንደሚገባ በ1812 ባሳተመው መጽሐፉ አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

በጁላይ ጠንካራ ባትሪ ይዞ ሙከራውን ደገመው። ጅረቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲፈስ፣ ከሽቦው በታች የተቀመጠው መርፌ ሰሜናዊ ጫፉ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ከሽቦው በላይ ሲቀመጥ ደግሞ ወደ ምሥራቅ። በመካከል መስታወት፣ እንጨት ወይም ውሃ ቢገባም ኃይሉ አይገታም። ኧርስትድ ከዚህ ተነሥቶ ኃይሉ ሽቦውን እየዞረ እንደሚከበው ደመደመ፤ ውጤቱንም ጁላይ 21 ቀን በላቲን በተጻፈ ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ አሳወቀ።

ሳይንቲስቶችን ያስደነቀው ይህ ዙሪት ነበር። እስከዚያ ድረስ የታወቁት የስበትና የኤሌክትሪክ ኃይሎች ሁለት አካላትን በሚያገናኝ ቀጥታ መስመር የሚስቡ ወይም የሚገፉ ነበሩ። በማግኔት ዘንግ ዙሪያ የብረት ብናኝ ቢነሰነስ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው የሚጎብጡ መስመሮች ይታያሉ። ጅረት የሚያልፍበትን ቀጥ ያለ ሽቦ የሚከብቡት መስመሮች ግን ዋልታ የሌላቸው ክቦች ናቸው።

በዚያው ዓመት ፈረንሳዮቹ ቢዮና ሳቫር፣ ከሽቦው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የማግኔታዊ መስኩ ማለትም ኃይሉ የሚሠራበት ዙሪያ ጥንካሬ በግማሽ እንደሚቀንስ ለኩ። 1 አምፔር ጅረት ከሚያልፍበት ረጅም ሽቦ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ መስኩ 20 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ በምድር ገጽ ላይ ያለው የምድር መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው። አንድሬ ማሪ አምፔርም ጅረታቸው በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሽቦዎች እንደሚሳሳቡ፣ በተቃራኒ ሲሆን እንደሚገፋፉ አሳየ።

ሽቦው ሲጠመጠም የየዙሩ መስክ ይደመርና ጥምጥሙ እንደ ማግኔት ዘንግ ሁለት ዋልታ ያበጃል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጅን በ1825 ብረት በመሃሉ አስገብቶ ክብደት የሚያነሣ ኤሌክትሮማግኔት ለሕዝብ አሳየ። ቀደም ሲል በ1821 ማይክል ፋራዳይ ጅረት ያለበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ሳያቋርጥ እንዲዞር አድርጎ ነበር። የእህል ወፍጮንም ሆነ የውሃ ፓምፕን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

ኧርስትድ በ1851 አረፈ። የማግኔታዊ መስክ ጥንካሬ የሚለካበት አንዱ አሃድም በ1930 በስሙ ኧርስትድ ተብሎ ተሰየመ።